መጀመሪያ መጋዝ ነበር የሚሠሩት

ባለፈው እሁድ ሚስቴ ሄለን ፕሌዘንተን ከተማ አንድ ሰው ቤት ደጃፍ ላይ ከተዘረጋ ያርድ ሴል፣ ከአሮጌ ዕቃ ሽያጭ፣ የእንጨት መፍጫ ይዛ መጣች። የቁንዶ በርበሬ መፍጫ ነው፤ እሷ ሚጥሚጣ ይፈጭልኛል ብላ ነው። እኔ ሶፋ ላይ ተጋድሜ ኳስ እያየሁ ስለነበር ጎበዝ ብዬ ላልፈው ነበር፤ ብቻ ልታጥበው ገልበጥ ስታደርገው ብረቱ ላይ አንድ ትንሽ አንበሳ አየሁ። ከነስሙ። በቃ፣ ኳሱን ትቼ ዘልዬ ተነሳሁ። ይሄን አንበሳ አውቀዋለሁ አልኩ። ሄለን ደግሞ እኔን ስለምታውቀኝ ፊቷን አዙራ፣ "ጀመረው" አለች። የፔጆ ነው፣ የመኪናው ነው ብዬ ለልጄ ላሳያት ስሞክር "ዳዲ፣ ኢትስ ጀስት ፔፐር" አለችኝ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አማርኛው ሁሉ ይገባታል፣ እኔን መናቅ ሲያምራት ግን በእንግሊዝኛ ነው። ቁጭ አድርጌ ነገሩን ከመጋዙ ጀምሬ ልነግራቸው ስል ሄለን እኔ አሥር ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ ላልሰማው ሰው ጻፈው አለችኝ። ይኸው በስልኬ እየጻፍኩት ነው።

ስሜ ሳምሶን ነው። ኦክላንድ ውስጥ ሳሚ ካሏችሁ እኔ ነኝ፤ ሌላ ሳሚ ካለ እሱ ኮፒ ነው። ከትምህርት ጋር ስምንተኛ ክፍል ላይ በሰላም ተለያይተናል፣ ስለዚህ ፊደል ብሳሳት እለፉኝ። ትዝታ የሽማግሌ ሥራ ነው፣ አንተ ገና ጎረምሳ ነህ የምትሉኝም አላችሁ። እውነት ነው፣ በዓመት ከቆጠራችሁኝ ገና ነኝ። መኪና ግን በዓመት ብቻ አይገመትም፣ ስንት ማይል ሄዷል ተብሎ ነው፤ በማይል ከሆነ እኔ የብዙዎቻችሁ አባት ነኝ። ከኦክላንድ ሳን ሆዜ፣ ከሳን ሆዜ ኤርፖርት፣ ስንት ዓመት ሙሉ የ880 አውራ ጎዳናን ጉድጓድ በስሙ ነው የምጠራው።

ያኔ፣ እኔ ስመጣ፣ ኦክላንድ ሌላ ነበረች። ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ የልብስ ማጠቢያ ቤቱ ጥግ ቆመህ ግማሹን ያገርህን ሰው ታገኛለህ፤ አንዱ ልብሱ እስኪደርቅ፣ አንዱ ሥራ እስኪያገኝ፣ አንዱ ዝም ብሎ። የአምስት ብር ስልክ ካርድ ነበረች፤ አርባ ደቂቃ አለህ ትልህና አሥራ ሁለተኛው ላይ እናትህ "ልጄ ጤናህ" እንዳለች ካርዷ ጭጭ ትላለች። ብር የምለው ዶላሩን ነው፣ ያኔ ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንጠራው። ቲሸርታችን እስከ ጉልበት፣ ጂንሳችን ደግሞ ሌላ ሰው ቢገባበት ቦታ አለው። እኔ አንድ ነጭ ስኒከር ነበረኝ፤ በየማታው በጥርስ ብሩሽ ነበር የማጸዳው። ለጥርሴ እንኳ እንደዚያ አልደከምኩም። መንገድ ላይ የሚያልፈው መኪና ሁሉ ሙዚቃው ሆድ ውስጥ ይገባል፣ የማጠቢያ ቤቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል። አሁን እዚያው ጥግ ላይ ስምንት ዓይነት ወተት ያለው ማኪያቶ ይሸጣል። እኔም ገዝቼ ጠጥቻለሁ፣ አልዋሽም። ጥሩ ነው።

በዚያ ሁሉ የአሜሪካና የጃፓን መኪና መሃል አንዲት ፔጆ ነበረች። የጋሼ ግርማ ናት። ጋሼ ግርማ በጃንሆይ ጊዜ ለትምህርት መጥተው እዚሁ የቀሩ ኢንጂነር ናቸው፤ ያኔ ጡረታ ወጥተዋል፣ ሚስታቸው ቀደም ብላ አርፋለች፣ ልጅ የላቸውም፣ ካስትሮ ቫሊ ዳገቱ ላይ ባለች ቤት ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። መኪናዋ 505 ናት፣ ኋላዋ ረዘም ያለ፣ ሻንጣ የማይሞላት፣ ቀለሟ የሻይ ቀለም፣ በናፍጣ የምትሄድ። ውስጧ አንድ ካሴት ተቀርቅሮ ቀርቶ ሁልጊዜ ያው ዘፈን ከመሃሉ ነው የሚጀምረው፤ መግቢያውን የሚያውቅ ሰው የለም። ወደዚህ ወደ ቤይ ኤሪያ የሚመጣ ወገን ከኤርፖርት የሚቀበለው ሰው ከሌለው ጋሼ ግርማ ናቸው የሚሄዱት። ክፍያ የለም። ክፍያው ንግግሩን መስማት ነው።

ንግግሩን እንግዲህ ቴሌግራፍ ላይ የማያውቀው የለም። ሁለት ቀን አውሮፕላን ላይ ያደረ ምስኪን ሰው ፊት ወንበር ይቀመጥና ገና ከፓርኪንጉ ሳይወጣ ጋሼ ይጀምራሉ። "ይሄ ፋብሪካ መጀመሪያ መጋዝ ነበር የሚሠራው።" ከዚያ ይቀጥላሉ። አንድ የፈረንሳይ ገጠር ቤተሰብ ነው፤ ወፍጮ ነበራቸው፣ ወፍጮውን ብረት ማቅለጫ አደረጉት። መጋዝ ሠሩ። አንበሳዋም ከዚያ ነው የመጣችው፤ ጥርሱ እንደ አንበሳ የጠነከረ፣ ወገቡ እንደ አንበሳ የሚተጣጠፍ መጋዝ ነው ለማለት። ከዚያ ቡና መፍጫ። ከዚያ ቁንዶ በርበሬ መፍጫ። ያገራቸው ሴቶች ቀሚሳቸውን ወጥሮ የሚይዝ ብረት ሲያምራቸው እሱንም ሠሩ፤ የጃንጥላ ዘንግ ሠሩ፤ ብስክሌት ሠሩ። መኪና የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ በእንፋሎት፣ ቀጥሎ በቤንዚን፣ ቀጥሎ የጭነቱም መጣ። ቁጥሩ መሃል ያለችው ዜሮ ደግሞ፣ 404፣ 504፣ 505፣ ድሮ መኪና ከፊት በብረት እየተጠመዘዘ ሲነሳ ብረቱ የሚገባባት ቀዳዳ ነበረች ይባላል ይላሉ። እዚህ ላይ ሁልጊዜ ጣታቸውን አየር ላይ ያሽከረክራሉ፣ መሪውን ለቀው። እንግዳው የሚነቃው እዚህ ጋ ነው። መጨረሻው ደግሞ ሁሌም አንድ ነው፤ "አባቴ ድሬዳዋ 404 ነበረው" ይላሉና ዝም ይላሉ።

እኔንም ያመጡኝ እሳቸው ናቸው። አሁን ስህተቴን ልናገር። ያን ሁሉ ሰምቼ መቼም ዝም ብል ደኅና ነበር። እኔ ግን ዝም ማለት አልተፈጠረብኝም፤ አባትዎ 404 ነበራቸው? የኔ አባት እኮ ሶማሌ ተራ የፔጆ ጋራዥ አለው፣ እኔ ራሴ ሞተር አውርጄ ነው ያደግኩት አልኳቸው። ሞተር አውርጄ አላውቅም። አባቴ ዘበኛ ነበር፣ እኔ ደግሞ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ፊልም ነበር የማከራየው። ከጋራዥ ጋር ያለኝ ዝምድና ቤታችን ከአንድ ቶርኖ ቤት ጀርባ መሆኑ ብቻ ነው። ቶርኖ ቤት ታውቃላችሁ፣ ዕቃ ሲሰበር ብረት እያሽከረከሩ አዲስ የሚቀርጹበት። ልጅነቴን በሙሉ ጠዋት የቀሰቀሰኝ የዚያ ማሽን ጩኸት ነው።

ከዚያ ብዙ ወር አለፈ። አንድ ቀን ጋሼ ሦስት እንግዳ ጭነው 580 አውራ ጎዳና መሃል ላይ መኪናዋ አፈላችና ቆመች። ጎትተው ጋራዣቸው ውስጥ አስገቧት፣ እዚያው ቀረች። ፋብሪካው አሜሪካ ውስጥ መሸጥ ካቆመ ቆይቷል፣ ዕቃ የለም፤ ያዩዋት መካኒኮች ሁሉ ይጣሏት አሏቸው። በዚያው ሰሞን እህታቸው እትዬ አልማዝ እንደሚመጡ ተሰማ። ጋሼ ካገር ከወጡ ጀምሮ አላዩዋቸውም፤ እኚያ አንድ እህት ብቻ ናቸው የቀሩላቸው። ሰው ሁሉ እኔ በመኪናዬ ላምጣልዎት አላቸው፣ አዲስ መኪና ያለው ሁሉ። እሳቸው እምቢ አሉ። በፔጆ ካልሆነ አልሄድም አሉ። እና ማንን ኮል ቢያደርጉ ጥሩ ነው? እኔን። "አንተ የሶማሌ ተራው ልጅ" አሉኝ፣ "ሦስት ሳምንት አለን።"

ያኔ ሳን ሆዜ ፓርኪንግ ሎት ነበር የምሠራው፤ የምተኛው ደግሞ ቴሌግራፍ አጠገብ ሦስት ልጆች ቤት፣ ሶፋ ላይ። ሶፋው ደግሞ ለሁለት ሰው ነው፣ እግሬ ሌላ ክፍል ነበር የሚያድረው። ጋሼ መኪናዋን እስክትሠራ እታች ያለችው ክፍል ውስጥ ግባ አሉኝ። አልጋ ያለው ክፍል፣ መስኮት ያለው። እንዴት ብዬ አልችልም እላለሁ? ሄድኩ። ኮፈኑን ሳልከፍት እጄን ላዩ ላይ አሳረፍኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ፊልም ላይ እንዳየሁት ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ እንደ ፕሮፌሰር "ካንዴላው ነው፣ እሳት አይጭርም" አልኩ። ጋሼ ረጅም ጊዜ አዩኝ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት።

"ሊሆን ይችላል" አሉ።

ከዚያ የክፍሉን ቁልፍ ሰጡኝ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ሞተሩን በማየት አሳለፍኩ። ጋሼ ሻይ ይዘው ይመጣሉ፣ እንዴት ነው ይላሉ፣ እኔ ደግሞ እየተግባባን ነው እላለሁ። በስምንተኛው ቀን ፈርቼ የሆነች ብሎን ፈታሁ፣ አንድ ጎማ ነገር ሳብኩ፣ ያ አረንጓዴ ውሃ በሙሉ ስኒከሬ ላይ ፈሰሰ። ነጩ ላይ። ቁጭ ብዬ ላለቅስ ነበር። ግን ውሃው የወጣበትን ስከተለው የውሃ ፓምፑ ጋ አደረሰኝ፤ መሃሉ ያለችው ዘንግ ተበልታ እንደ ጥርስ ትነቃነቃለች። ስለዚህ የመኪናዋን በሽታ ያገኘው እኔ ሳልሆን ስኒከሬ ነው። ከዚያ ስልክ ጀመርኩ። ዕቃ መሸጫዎቹ ጋ ስደውል ስልኩን ያነሳው ልጅ ስፔል አድርግልኝ ይለኛል፣ እኔ ደግሞ አንበሳ ያለበት ነው እለዋለሁ። አንዱ የአይብ ዓይነት መስሎት ሌላ ሱቅ ጠቆመኝ። አሮጌ መኪና የሚገነጠልበት ግቢ ሁለት ሄድኩ፤ አንዱ ሠራተኛ እዚህ ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ እንደዚህ ያለ መኪና አይቼ አላውቅም አለኝ። አዝኖልኝ ሶዳ ሰጠኝ። እትዬ አልማዝ ሊመጡ አሥር ቀን ቀርቷል፣ ጋሼ የመኪናዋን ምንጣፍ አውጥተው አጥበዋል፣ ለሰው ሁሉ ሳሚ እየሠራት ነው ብለው ነግረዋል። ማታ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ የማስበው ሻንጣዬን እንዴት ሳይሰሙኝ እንደማወጣ ነበር።

አንድ ቀን ሳን ሆዜ ምሳ ሰዓቴ ላይ ከፓርኪንጉ ጀርባ ባለችው መንገድ ስሄድ ያን ድምፅ ሰማሁ። ያ የብረት ጩኸት፣ ከቤታችን ጀርባ የነበረው። ሽታው ራሱ ያው ነው፣ የጋለ ብረትና ዘይት። እግሬ ራሱ ወሰደኝ። በሩ ግማሽ ተከፍቷል፣ ውስጥ አንድ ሽማግሌ የቬትናም ሰው ማሽኑ ላይ ጎንበስ ብሏል። ያኔ ነው የገባኝ። ለካ እኔ እንደ አሜሪካኖቹ ዕቃ ስገዛ ነበር የከረምኩት። እኛ ሰፈር እኮ የለም የሚባል ዕቃ የለም፤ የተሰበረውን ይዘህ ቶርኖ ቤት ትሄዳለህ፣ ይሄን የመሰለ ትላለህ፣ በቃ። በማግስቱ ፓምፑን በፌስታል አድርጌ ሄድኩ። ሰውዬው ሚስተር ትራን ይባላል። እንግሊዝኛው እንደኔ ነው፣ ስለዚህ በደንብ ተግባባን። ዘንጓን አገላብጦ አየ፣ ፓምፑ ላይ ያለችውን አንበሳ በጣቱ ነካ፣ ቀና ብሎ አየኝና አራት ጣት አሳየኝ፣ ቀጥሎ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ክብ ሠራ፣ ቀጥሎ እንደገና አራት ጣት። አራት፣ ዜሮ፣ አራት። አይ አምስት፣ ዜሮ፣ አምስት አልኩት በጣቴ። ሳቀ። ደረቱን መታ መታ አድርጎ "ሳይጎን" አለኝ፣ "ማይ ፋዘር፣ ታክሲ።" ያባቱ ታክሲ ፔጆ ነበር ማለት ነው። እኔም፣ አፌ ለምዶበት፣ "ማይ ፋዘር፣ ጋራዥ" አልኩት። በሁለት ቋንቋ ዋሸሁ።

ዘንጓን ለመሥራት ሳምንት ፈጀበት፤ የመጀመሪያዋን ራሱ ሪጀክት አደረጋት። እትዬ አልማዝ እሁድ ሊገቡ ቅዳሜ ጠዋት ኮል አደረገልኝና አድራሻ ጠየቀኝ። ራሱ መጣ፣ በንጹህ ሸሚዝ፣ የመሣሪያ ሣጥኑን ይዞ። መኪናዋን አንዴ ዞራት። ከዚያ ምንም ሳይነካ ሹፌር ወንበር ላይ ገብቶ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ተቀመጠ፤ እኔና ጋሼ ውጭ ቆመን ጠበቅነው። ሲወጣ እጅጌውን ሰብስቦ ሥራ ጀመረ። እኔ የእጅ ባትሪ ያዝኩለት፣ ለጋሼ ደግሞ የሚሠራውን ሁሉ እንደማውቀው አድርጌ አብራራሁላቸው። ጋሼ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ማምሻውን ቁልፉ ሲዞር ተነሳች፤ ያ የናፍጣ መንቀጥቀጥ፣ ካሴቱም ከዘፈኑ መሃል ጀመረ። ጋሼ ክፍያ ሲያነሱ ሚስተር ትራን እጁን አወዛወዘና የሠራትን ዘንግ ኮፒ ከኪሱ አውጥቶ ለጋሼ ሰጣቸው። ለሚቀጥለው ጊዜ ነው አለ።

እሁድ ሳንፍራንሲስኮ ኤርፖርት ሄድን። ጋሼ ሱፍ ለብሰዋል። እትዬ አልማዝ ቀጭን ናቸው፣ ረጅም፣ ከጋሼ በአምስት ዓመት ይበልጣሉ። ተቃቀፉ፣ ያን አልጽፈውም። መኪናዋ ጋ ስንደርስ ጋሼ የፊቱን በር ከፈቱላቸው። እትዬ አልማዝ ግን አልገቡም። ቆመው አዩዋት። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው ከመስታወቱ ሥር የነበረች የአቧራ ነጠብጣብ ጠረጉ፣ የበሩን እጀታም ወልወል አደረጉ፣ ሳያስቡት፣ እጃቸው ራሱ። "ልቀመጥ?" አሉ።

ጋሼ "ተቀመጪ፣ እትዬ" አሉ።

ቀስ ብለው ተቀመጡ። ወንበሩን በመዳፋቸው ጫን ጫን አደረጉት። "ለካ ውስጡ እንዲህ ነው" አሉ።

እኔ ኋላ ከሻንጣው ጋር ነኝ። ሳን ማቲዮ ድልድይ ላይ ወጣን፣ ግራና ቀኝ ውሃ ነው፣ ዓይኔ የሞተሩን ሙቀት የምታሳየው መርፌ ላይ ተሰክቷል። አልተነሳችም፣ መሃል ላይ ናት። ስለዚህ ደስ አለኝ፣ ደስ ሲለኝ ደግሞ ታውቁኛላችሁ። ጋሼ "ይሄ ፋብሪካ መጀመሪያ" ብለው ገና ሲጀምሩ እኔ ቀደም አልኩና፣ እትዬ፣ ያባታችሁ 404 ወንበሩ እንዲህ አልነበረም እንዴ አልኳቸው።

"የማን አባት?" አሉ።

ጋሼ ዓይናቸውን ከመንገዱ አላነሱም።

"የቡና ነጋዴው መኪና ነው እንጂ" አሉ እትዬ አልማዝ፣ ወደኔ ዞረው፣ በጨዋ ደንብ ሊያስረዱኝ። አባታቸው የነጋዴው ሹፌር ነበሩ። እትዬ አልማዝና ግርማ ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናውን ያጥባሉ፤ ጎማውን ራሱ በጥርስ ብሩሽ። ውስጥ መቀመጥ ግን ክልክል ነው። አንድ ጊዜ ግርማ በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን አስገብቶ ነበር፣ አባታቸው ጎትተው አወጡት። "እንዲያው ወንበሩ ምን ይመስል ይሆን እንል ነበር፣ ማታ ተኝተን" አሉ። "ይኸው።" እንደገና ጫን አደረጉት።

ከኋላ የጋሼን ጆሮ አየዋለሁ፤ ቀልቷል። ያን ሁሉ ዓመት ስንቱን እንግዳ በዚያ 404 ነው ያመጡት። እኔ እንግዲህ ጉራ በመታዘብ ልምድ አለኝ፣ ግን እንደዚያ ቀን ሰው አሳዝኖኝ አያውቅም። ከድልድዩ ልንወርድ ነው።

"ጋሼ፣ እኔም መካኒክ አይደለሁም" አልኩ። "አባቴም ጋራዥ የለውም።"

"ናፍጣ መኪና ካንዴላ የለውም፣ ሳሚ" አሉ፣ ሳይዞሩ።

ከመጀመሪያው ቀን ያውቁ ነበር ማለት ነው። ታዲያ ለምን ቁልፉን ሰጡኝ አልኳቸው። ጋሼ ትንሽ ነዱ።

"እኔም ዩኒቨርሲቲ ስገባ የሀብታም ልጆች መሃል ነበርኩ" አሉ። "የገባሁት በሌለ መኪና ነው። ግን ገባሁ።"

እትዬ አልማዝ መሳቅ ጀመሩ። መጀመሪያ በነጠላቸው ሸፍነው፣ ከዚያ ሳይሸፍኑ። እና መኪናዋን ማን ሠራት አሉ። ስኒከሬ አልኩ። ጋሼም ያን ጊዜ ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ፣ መርፌዋ ከመሃል አልተነሳችም። ክፍሏ ውስጥ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖርኩ። ሄለንን ያገባሁት ከዚያች ክፍል ወጥቼ ነው፤ ሙሽራ መኪናዬ የትኛዋ እንደነበረች አልነግራችሁም፣ ታውቃላችሁ።

ጋሼ አሁን አይነዱም፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ላይሰንሱን ራሳቸው ናቸው የመለሱት። እትዬ አልማዝም እዚያው ናቸው። መፍጫውን ትናንት ወስጄ ላሳያቸው ካስትሮ ቫሊ ወጣሁ፤ ቅዳሜ ነበር። ሁለቱም ጋራዡ ደጃፍ ላይ ፔጆዋን አጥበው ጨርሰዋል፣ ባልዲው እዚያው አለ። አጥበው ሲጨርሱ አሁን ገብተው ነው የሚቀመጡት፣ ፊት ወንበር ላይ፣ መስኮቱን ከፍተው። መፍጫውን በመስኮት ሰጠኋቸው። ጋሼ ገልብጠው አንበሳውን በጣታቸው ዳሰሱት። "አላልኩህም?" አሉኝ። ሄለን ሚጥሚጣዋን በሌላ ትፍጭ፤ መፍጫው ፔጆዋ ውስጥ ቀርቷል።

ኤርፖርት የምሄደው አሁን እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ አመጣሁ፣ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ጃኬቱ ላይ የጉዞው መለያ ወረቀት ሁሉ እንደተለጠፈ ነው። ፊት አስቀመጥኩት። ከፓርኪንጉ ሳንወጣ፣ ይሄ ፋብሪካ መጀመሪያ መጋዝ ነበር የሚሠራው አልኩት። መጋዙን፣ ቡና መፍጫውን፣ የሴቶቹን ቀሚስ፣ ብስክሌቱን ነገርኩት። ዜሮዋ ጋ ስደርስ ጣቴን አየር ላይ አሽከረከርኩ። ልጁ መሪውን አየ፣ እኔን አየ፣ ይሄ ግን የጃፓን መኪና አይደል እንዴ ወንድሜ አለኝ። ነው አልኩት፣ ምን ችግር አለው፣ ወሬው የፔጆ ነው። ድልድዩ ላይ ስንወጣ ውሃውን እያየ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ እኔ እንኳ መኪና ብርቄ አይደለም አለኝ፣ አባቴ አዲስ አበባ ውስጥ ትልቅ ሆቴል አለው።

ቀና ብዬ አየሁት። ጫማው ነጭ ነው፣ በጣም ንጹህ።

"ሊሆን ይችላል" አልኩት።